የበቆጂው መምህርና የአክስቴ ወይፈን

አርብ ገበያ እንደ ስሟ ናት። በአዘቦቱ ጸጥ ያለችው የታች ጋይንት ከተማ አርብ ሲመጣ ሌላ ትሆናለች። ገና ጎህ ሳይቀድ የተነሣው ገበያተኛ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ፣ በጉን እየነዳ ከየአቅጣጫው ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ በሄድኩበት ሰሞን እኔም ገበያ ወጣሁ። ከብት ተራው ዳር ስደርስ አክስቴን አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ቀይ ወይፈን በገመድ ይዘው ቆመዋል።

ደነገጥኩ። ያ ወይፈን አድጎ ከጎረቤት በሬ ጋር ሊቀናጅ የታሰበ፣ የቤቱ ተስፋ ነበር።

«ምን ገጠመዎት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ልጁ ሊሮጥ ነው» አሉኝ።

«ልጁ» የሚሉት የልጅ ልጃቸውን ነው። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ እርሱ ግን የዚያን ግማሽ አይፈጅበትም። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በሩጫ ነው። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ ደብተርና እስክርቢቶ ተሸልሟል።

ይህን የሰማ አንድ ሰው ቤታቸው ድረስ መጣ። «ልጁ ወርቅ ነው። አዲስ አበባ ወስጄ ካምፕ አስገባዋለሁ። ለምዝገባ፣ ለጫማና ለቤት ኪራይ ግን ብር ያስፈልጋል» አላቸው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ወራት ቢቀሩትም ሰውዬው መጠበቅ አልፈለገም። «ዕድሜው ሳያልፍበት በዚህ ሳምንት ይሂድ» ብሎ አስቸኮላቸው።

አክስቴ ገመዱን እንደጨበጡ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ። የነኃይሌን፣ የነደራርቱን ነገር ታውቃለህ። እነሱስ አጀማመራቸው እንዲህ ነው? ወይፈኑን ልሽጠው ወይስ ልመልሰው?»

ለጥያቄያቸው ቶሎ የመጣልኝ መልስ የአንድ የትምህርት ቤት መምህር ታሪክ ነበር። የአክስቴ ጥያቄ የብዙ ወላጅና አያት ጥያቄ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ያን ታሪክ ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የስፖርት ክፍለ ጊዜ

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኝ የአርሲ ደጋ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት፣ የማለዳ ብርዷ የሚያንዘፈዝፍ አገር ናት። በዚያች ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ስፖርት ያስተማሩት ሰው ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ።

መምህር ስንታየሁ ራሳቸው ሮጠው ዓለም ያወቃቸው ሰው አይደሉም። መተዳደሪያቸው መምህርነት ነበር። እንደማንኛውም የስፖርት መምህር ተማሪዎችን ሜዳ ላይ አሰልፈው ያፍታቱ፣ ያሮጡ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሮጡ ያዩአቸውንና ተስፋ የጣሉባቸውን ልጆች ማለዳ ከትምህርት በፊት እየሰበሰቡ ያለማምዷቸው ጀመር። የሚሮጡት አፈር ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ሲወጡ ዳገቱና ጫካው አለ። ውድ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አሠልጣኙ አይቀሩም፣ ልጆቹም አይቀሩም።

ሌላም ነገር ነበር። መምህር ስንታየሁ ወንድና ሴት አልለዩም። ሴት ልጅ ከብት እንድትጠብቅ፣ ውኃ እንድትቀዳና በጊዜ እንድትዳር በሚጠበቅበት አገር፣ ሴቶቹን ከወንዶቹ እኩል አሮጡ። የዚህ ፍሬ ምን እንደሆነ መላው ዓለም ያየው በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ ነው።

ከአንድ ከተማ የወጡ ወርቆች

በዚያ ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ማታ የ20 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸነፈች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ኤላና ሜየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች፤ አገሯም በዘር መድልዎ ምክንያት ከታገደችበት ኦሎምፒክ መመለሷ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሁሉ አይረሳውም። ደራርቱ የበቆጂ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከብት እየጠበቀች ነው ያደገችው። በትምህርት ቤቷ ዘመን ካሮጧት ሰዎች አንዱ መምህር ስንታየሁ ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም፣ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ኋላም ቦስተንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። እርሷም ከዚያው አካባቢ የወጣች፣ በእርሳቸው እጅ ያለፈች ናት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሚሌኒየሙ ዓመት መጨረሻ ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ አራት ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ነሐሴ 9 ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈች። ነሐሴ 11 ቀነኒሳ በቀለ በወንዶቹ ያንኑ ደገመ። ነሐሴ 16 ጥሩነሽ 5 ሺህ ሜትሩን፣ በማግሥቱ ነሐሴ 17 ቀነኒሳ 5 ሺህ ሜትሩን ወሰዱ። ጥሩነሽ ሁለቱን ርቀቶች በአንድ ኦሎምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በወንዶቹ ደግሞ ከምሩጽ ይፍጠር የ1972ቱ የሞስኮ ድል ወዲህ ይህን ያደረገ አልነበረም። አራቱም ወርቅ የመጣው የበቆጂን አፈር ረግጠው በሮጡ ሁለት ልጆች ነው። ሁለቱም መምህር ስንታየሁ ካለማመዷቸው ልጆች መካከል ናቸው።

እስቲ አንዴ አስቡት። ዓለም ላይ ስንት አገር አለ፣ ስንት ገንዘብ ያለው ማሠልጠኛ አለ። በዚያ ኦሎምፒክ የወንዶቹም የሴቶቹም ረጅም ርቀት የትራክ ወርቅ ግን ወደ አንዲት የአርሲ ከተማ ሄደ።

ሰጥቶ የሚመለስ ሰው

አክስቴ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሰውዬው ከበሩ በላ!» አሉኝ። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ዕጣ ለየት ይላል። ልጁ ሲጎለብት ክለብ ይወስደዋል፤ ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን ያልፋል። ኦሎምፒክ ላይ ከትራኩ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ሌላ አሠልጣኝ ነው። ለምሳሌ ደራርቱና ፋጡማ ሲያሸንፉ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ባርሴሎናንም አትላንታንም የመሩት ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። በጥብቅ ሥነ ሥርዓታቸው የሚታወቁት እኒያ ትልቅ ሰው ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም አርፈዋል። ከእርሳቸውም በፊት የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን መነሻቸው ማስተማር ነበር፤ እዚህ አገር የወጣቶችንና የክቡር ዘበኛን የሰውነት ማጠንከሪያ ሥልጠና ሲመሩ ነው አበበን ያገኙት። አበበም በ1952 ዓ.ም ሮማን በባዶ እግሩ አሸነፈ።

የመጀመሪያው አስተማሪ ግን ልጁን ለሌላ ሰጥቶ ወደ ሜዳው ይመለሳል። በማግሥቱ ማለዳ አዲስ ልጆች ይጠብቁታል። በቆጂ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ደራርቱ ስትሄድ ፋጡማ ነበረች፤ ቀነኒሳ ሲሄድ የጥሩነሽ ታናናሾች ነበሩ። መምህር ስንታየሁ ከአንድ ልጅ ወርቅ ይልቅ ይህን መመላለስ መርጠው እዚያው ኖሩ። በእኔ አስተያየት ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው። ልጅን እንደ ሸቀጥ የሚያይ ሰው አንዱን ጥሩ ሯጭ ይዞ ይሄዳል እንጂ ለሌላው ልጅ ሲል አይመለስም።

ወርቅ ያላገኙትስ?

በ2004 ዓ.ም ጄሪ ሮትዌል የተባለ የፊልም ሠሪ ስለ በቆጂ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሯጮች ከተማ» እንደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ፊልሙ ስለ ጥሩነሽና ስለ ቀነኒሳ ይመስለዋል። ካሜራው የሚከተለው ግን መምህር ስንታየሁ የሚያለማምዷቸውን ሁለት ለጋ ሴት ልጆች ነው። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ለክለብ ይታጫሉ፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የምናየው ናፍቆቱን፣ ብቸኝነቱን፣ የተጠበቀው ሁሉ እንደተጠበቀው አለመሆኑን ነው።

ለእኛ ለወላጆች ያ ፊልም ከአሥር የኦሎምፒክ ቪዲዮ ይበልጣል። ምክንያቱም ከብዙ ሯጭ ልጆች መካከል ወርቅ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። የቀረውስ? አሠልጣኙ መምህር ከሆነ የቀረው ልጅ ባዶ እጁን አይቀርም። ማልዶ መነሣትን፣ ሰዓት ማክበርን፣ ተሸንፎ እጅ መንሣትን ተምሯል። ደብተሩም በእጁ አለ። አሠልጣኙ ደላላ ከሆነ ግን ልጁ በ16 ዓመቱ ጉልበቱ ታሞ፣ ትምህርቱ ተቋርጦ፣ ወደ ቤት ለመመለስ አፍሮ የሰው ከተማ ላይ ይቀራል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ወደ ደረቱ ጠጋ እንደሚያደርግ ያላየ የለም። ምክንያቱ በልጅነቱ ደብተሩን እንደታቀፈ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው። ለእርሱ ሩጫው የትምህርት ቤት መንገድ ነበር።

ሌላው ዓለምም ይህንኑ ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል የሚባል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ አለ። አንድ የኮሌጅ ቤዝቦል አሠልጣኝ የቱንም ያህል ጎበዝ ተጫዋች ቢኖረው፣ የልጁ የትምህርት ውጤት ከተወሰነው ነጥብ ከወረደ ሊያሰልፈው አይችልም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ አሠልጣኙ ስለ ጨዋታው እንደሚጨነቀው ስለ ፈተናውም ይጨነቃል። መምህርም አሠልጣኝም መሆን ግድ ነው።

ለአክስቴ የነገርኳቸው

«ዕድሜው ያልፍበታል» የሚለውን አስቀድሜ አነሣሁ። ደራርቱ የኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው በ37 ዓመቷ፣ የሁለት ኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤትና የልጅ እናት ከሆነች በኋላ ነው። ኃይሌ በርሊን ላይ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ሲሰብር 35 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ እዚያው በርሊን በ2012 ዓ.ም 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ 37 ዓመቱ ነበር። የረጅም ርቀት ሩጫ የሚበስለው ዘግይቶ ነው። ለዚህም ነው ማራቶን ለመሮጥ የዕድሜ ወለል የተቀመጠው። የ14 ዓመት ልጅ አንድ ፈተና ተፈትኖ ቢሄድ የሚያልፍበት ዕድሜ የለም።

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይፈንም ቶሎ ከጠመዱት ትከሻው ይጎዳል» አሉ።

ቀጥዬ ሦስት ጥያቄ ነገርኳቸው። ልጁን ልውሰድ የሚል ማንም ሰው ሲመጣ የሚጠየቁ ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ ምን ይላል? «ለጊዜው ይተወው» የሚል ከሆነ መልሱ ከዚያው ያልቃል። የት ትምህርት ቤት፣ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ ቆጥሮ የማይናገር ሰው ስለ ልጁ አላሰበም።

ሁለተኛ፣ ብሩ ከየት ወዴት ይሄዳል? እንደ መቻል፣ እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ የታወቁ ክለቦች አትሌት ሲይዙ ደመወዝ ይከፍሉታል። ገንዘብ ከክለብ ወደ ልጁ ይሄዳል እንጂ ከአያት ወደ አስገቢ አይሄድም። አቅጣጫው ከተገለበጠ መጠርጠር ነው።

ሦስተኛ፣ ቢጎዳ ወይም ባይሳካለት ማን ይመልሰዋል? የሚያድርበትን ቤት ሄዶ ማየት ይቻላል ወይ? ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ? «እኔ አለሁለት» የሚል ቃል ብቻውን ውል አይደለም።

ልጃችሁ እዚያው ቤታችሁ ሆኖ የሚሮጥ ከሆነም ጥቂት ነገር ልብ በሉ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ይረፍ፤ ሰውነት የሚጠነክረው በዕረፍት ነው። በደንብ ይተኛ። በባዶ ሆዱ ሮጦ በባዶ ሆዱ ትምህርት ቤት አይግባ፤ ቆሎም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን ይያዝ። አጥንቱ ላይ አንድ ቦታ የሚጠዘጥዝ፣ እየሮጠ የሚብስ ሕመም ካለ «ወጌሻ ያሸዋል» ብላችሁ አታሳልፉት፤ ሩጫውን አቁሞ ጤና ጣቢያ ይታይ። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ ለወራት ቢቋረጥ «ስፖርት ስለምትሠራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምግቧ ከድካሟ አለመመጣጠኑን ያሳያልና ሐኪም ሊያያት ይገባል። ይህን ለእናቷ ወይም ለአያቷ ሳትሸማቀቅ መናገር እንድትችል አስቀድማችሁ መንገዱን ክፈቱላት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስፖርት መምህር ሄዳችሁ አነጋግሩ። ብዙዎቻችን የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህሩን እንጠይቃለን እንጂ ስፖርት መምህሩን ዞር ብለን አናይም፤ የጨዋታ ክፍለ ጊዜ ስለሚመስለን። የበቆጂ ወላጆች መምህር ስንታየሁን ባያምኑ ኖሮ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸው ማለዳ ከቤት እንዲወጡ ባይፈቅዱ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ወርቅ አይኖርም ነበር። አሠልጣኙ ብቻውን አልሠራውም።

ወይፈኑ

ያን አርብ ሁለት ነጋዴዎች መጥተው የወይፈኑን ጀርባ ዳሰሱ፤ ዋጋም ጠሩ። አክስቴ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «አይሸጥም» አሉና ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። ጨውና ቡናቸውን ገዝተው አብረን ወደ ቤት አቀናን።

ማታ ልጁ ሲሰማ አኮረፈ። ራቱንም አልበላም። «ዕድሌን ዘጋሽብኝ» ብሎ አያቱን ሲናገር እኔም ልቤ ፈራ፤ ትክክል መሆናችንን የሚነግረን ሰው አልነበረም። አክስቴ ግን አልመለሱለትም። በማግሥቱ ከርሱ ቀድመው ተነሥተው ቂጣ ጋገሩና «ብላና ሩጥ፤ ከዚያ ትምህርት ቤትህ ግባ» አሉት። ሰኞ ዕለት ደግሞ ነጠላቸውን ለብሰው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስፖርት መምህሩን ሊያነጋግሩ ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ ወንበር አውጥተው አስቀመጧቸው። ልጁን ማለዳ ከሌሎች ልጆች ጋር ሊያዩት እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ፈተናውን ካላለፈ እንደማያሮጡት ነገሯቸው።

ያ ሰው ወይፈኑ አለመሸጡን ሲሰማ ተመልሶ አልመጣም።

ልጁ ፈተናውን አለፈ። ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት ይማራል። በዞን ውድድር ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ወርቅ ያመጣ ይሆን? አላውቅም፤ አያቱም አያውቁም፤ እርሱም አያውቅም። ጫማው ተቀድዶ አዲስ እንደገዙለት፣ ፊዚክስ እንደከበደው፣ ማለዳ መነሣቱን እንዳልተወ ግን በስልክ ነግረውኛል።

«ወይፈኑስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወይፈኑማ በሬ ሆነ» አሉኝ። «ዘንድሮ አረስንበት።»